ፊርማ ለሚያነብ ገዢ፦ የአዳማው የአሮጌ ብር ሱቅ

በአዳማ ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ጠባብ ሱቅ በውጭ ሲታይ የአሮጌ ሬዲዮና የሰዓት መሸጫ ይመስላል። የወረቀት ገንዘቡ ያለው ከባንኮኒው ጀርባ፣ በሁለት ወፍራም አልበሞችና በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ ገዝቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም የብሩን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የኅትመቱን ልዩነት ለሚሰበስቡ ነው።

ሱቁ የሚመሰገነው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የጃንሆይ ብር ነው። አሜሪካ ውስጥ የታተመው ባለ አንድ ብር፣ በበሬ የሚያርስ ገበሬ ያለበት፣ ለዓመታት መልኩን ሳይለውጥ በመቆየቱና የታተመበት ዓመት ስላልተጻፈበት፣ የቀደመውን ከኋለኛው የሚለየው የባንኩ ገዥ ፊርማ ነው። መጀመሪያ የጆርጅ ብሎወርስ፣ ቀጥሎ የጃክ ቤኔት፣ በመጨረሻም የዋልተር ሮዜል ፊርማ ይገኝበታል፤ ሦስቱም አሜሪካውያን ነበሩ። በዚህ ሱቅ ግን ሦስቱም ፊርማዎች በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቀው የሚሸጡ ሲሆን፣ ዋጋቸው የሚወሰነው በንጽሕናቸው ብቻ ነው። የብሎወርስንና የሮዜልን ፊርማ የያዙ ሁለት ኖቶች ለይቼ ሳወጣ ለሁለቱም የተጠየቅሁት እኩል ነበር። «አባባ፣ እነዚህ እኮ ይለያያሉ» ብላቸው፣ ባለ ሱቁ አዛውንት «ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ወረቀቱን ነው፤ ፊርማውን መርቄሃለሁ» አሉኝ። ለሚያውቅ ገዢ ይህ ሲሳይ ነው፤ ለጀማሪ ግን የሚያስተምረው ነገር የለም።

የንጽሕና ምዘናቸውን ግን አልቀበለውም። «አዲስ» ተብለው ከተሰጡኝ ኖቶች አንዱ ታጥቦ በካውያ የተተኮሰ ነበር። እጥፋቱ ለዓይን ቢጠፋም ብርሃን ላይ ሲያዙት መስመሩ ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስ ሊሻክር የሚገባው የቀለሙ እብጠትም ተደፍጥጧል። እንዲህ ያለውን ኖት ሰብሳቢ ከታጠፈው ጓደኛው እንኳ አሳንሶ ነው የሚያየው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ አንድ የሊሬ ኖት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የራሷን የባንክ ኖት «ልዩ ተከታታይ፣ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል የጣሊያንኛ ጽሑፍ አትማበት እዚህ ታዘዋውር ነበር፤ ይህ ጽሑፍ ያለበት ኖት ተፈላጊ በመሆኑም አስመሳዮች በተራው ሊሬ ላይ ጽሑፉን ይጨምሩበታል። በማጉያ መነጽር ስመለከተው የጽሑፉ ቀለም ወረቀቱ ወደ ተሰነጠቀበት እጥፋት ዘልቆ ገብቷል። ኖቱ ታጥፎ ካረጀ በኋላ ካልታተመበት በቀር ይህ ሊሆን አይችልም። አዛውንቱ አልተቆጡም፣ መነጽሬንም ተቀብለው አዩ፤ ነገር ግን ኖቱን መልሰው አልበሙ ውስጥ አስገቡት።

የአልበሞቹ ፕላስቲክ የሚሸትና የሚጣበቅ ዓይነት ነው፤ በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ስለሚጎዳ የገዛችሁትን በዚያው ቀን ብታወጡት ይሻላል። የደርግ ዘመን ብር በብዛት አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ለውጥ ከገበያ ለወጡት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ግን እንደ ብርቅ ዕቃ የሚጠየቀው ዋጋ የተጋነነ ነው፤ በየቤቱ የቀረው ገና ብዙ ነውና።

ከባንኮኒው በላይ በመስታወት የተሰቀለው፣ የቆቃ ግድብ ሥዕል ያለበት የጃንሆይ ባለ ሃምሳ ብር አይሸጥም። ለአዳማ ሰው ከዚህ የቀረበ ኖት አይገኝምና ሁለት ጊዜ ለምኜ አልተሳካልኝም፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት በመሆኑ ቀለሙ እየነጣ መሄዱን ግን ነግሬያቸዋለሁ። በሦስተኛው ጉብኝቴም እዚያው ነበር።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቻላል፤ ደረሰኝ ግን አይሰጥም። መብራቱ ደካማ ስለሆነ ጠዋት መሄድና ማጉያ መነጽር መያዝ ይገባል።