የድሮ ተተኳሾችን አንድ በአንድ ለለዩልን ፈንጂ አምካኝ ምስጋናና ጥቆማ

የድሮ የመድፍ ጥይት፣ የሞርታርና የጠመንጃ ቦምብ ያለበትን የግል ስብስብ ለይተውና መዝግበው ላስረከቡን ጡረታ የወጡ ፈንጂ አምካኝ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለ ዕቃ የወረሳችሁ ወይም የምትሰበስቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ በፈቃዳቸው አድራሻቸውን እንሰጣለን። በዚህ ሙያ ሰው የሚመዘነው በአሠራሩ ስለሆነ የምንጠቁማቸው ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንጽፋለን።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ሁለት ጥያቄዎችን ስለማይቀላቅሉ ነው። አንዱ «ይህ ምንድን ነው?»፣ ሌላው «ውስጡ ባዶ ነው ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በልኬት፣ በማኅተምና በቅርጽ ይመልሱታል። ሁለተኛውን ማስረጃ ካላገኙለት «ያልታወቀ» ብለው ይጽፉና ዕቃውን እንደ ሙሉ ይቆጥሩታል። ብዙ ሰብሳቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የዕቃውን ስም ስላወቀ ሁኔታውንም ያወቀ ይመስለዋል።

ሥራቸውን የሚጀምሩት ምንም ሳይነኩ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ባለበት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገው በየአቅጣጫው ፎቶ ያነሡታል። ማኅተሙ በዝገት ከደበዘዘ መብራቱን ከጎን ያበሩበታል፤ ያኔ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። የሽቦ ብሩሽ፣ መሰርሰሪያ ወይም ሙቀት አያስጠጉም። ፈንጂውን የሚያስነሣው ክፍል፣ ማለትም ፊውዙ፣ በተጠመዘዘበት ቦታ ዙሪያ ቢጫ ቅርፊት ወይም ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገር ካዩ ሥራውን አቁመው ሰው ያርቃሉ። ቢጫው እንግሊዞች ሊዳይት፣ ፈረንሳዮች ሜሊኒት ይሉት የነበረው ፈንጂ፣ ፒክሪክ አሲድ፣ ሊሆን ይችላል። ይህ አሲድ እርሳስንና መዳብን ከመሰሉ ብረቶች ጋር ሲገናኝ በትንሽ ፍትጊያ የሚፈነዳ ጨው ይፈጥራል፤ በዘመኑ የጥይቱን ሆድ ከውስጥ ቫርኒሽ ይቀቡት የነበረውም ለዚሁ ነው። ቡናማው ደግሞ ቲኤንቲ ከሚባለው ፈንጂ በዕድሜ ብዛት የሚወጣ ወዝ ሊሆን ይችላል።

ልኬት ላይ ያላቸው ጥንቃቄ የሚያስቀና ነው። የጥይቱን ስፋት በካሊፐር የሚለኩት ጥይቱን ከታጠቀው የመዳብ ቀበቶ ላይ ሳይሆን ከእሱ ፊት ካለው ከተስተካከለው አካል ነው። ቀበቶው በመድፉ ውስጥ ባሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ተነክሶ ጥይቱን እንዲያሽከረክር ከአፈሙዙ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ እሱን የለካ ሰው በየትኛውም መዝገብ የሌለ መድፍ ሲፈልግ ይውላል። ቀለሃውን በርዝመቱ፣ በአፉና በታችኛው ከንፈሩ ስፋት ይለዩታል። የፈረንሳዩ የ1897 ሞዴል 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ቀለሃ 350 ሚሊ ሜትር፣ የቦፎርስ 40 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን ቀለሃ 311 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጥይትና ቀለሃ ተገጣጥመው ቢገኙም ለየብቻ ይመዘግቧቸዋል፤ ሻጭ የተለያዩትን አጋጥሞ ሊሆን ይችላልና። ስምም ያሳስታል፦ በ1915 የወጣው ባለ 3 ኢንች ስቶክስ ሞርታር አፈሙዙ 81 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቦምቡ አካል 3 ኢንች ቢሆንም ግራና ቀኝ ያሉት ክዳኖቹ ሰፍተው አፈሙዙን ይሞላሉ።

ያ የመዳብ ቀበቶ ሌላም ነገር ይናገራል። ለስላሳ ከሆነ ጥይቱ አልተተኮሰም። የተቆራረጠ መስመር ካለበት ተተኩሶ ነበር፤ ተተኩሶ አካሉ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሳይፈነዳ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ፊውዙም ለመፈንዳት የተዘጋጀ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። «አንዴ ስለተተኮሰ አልቋል» የሚለው ወሬ በጣም አደገኛ ነው። በቀለሃው ግርጌ መሃል ያለው መለኮሻ ተወግቶ መገኘቱም ባዶነትን አያረጋግጥም፤ ተወግቶ ሳይቀጣጠል የቀረ ሊሆን ይችላል።

ባልተለመዱት ዕቃዎች ላይ ነው ችሎታቸው ጎልቶ የታየው። 37 ሚሊ ሜትሯን የመድፍ ጥይት ሰው ትንሽ ስለሆነችና ጫፏ ስለሾለ ድፍን ብረት ናት ይላል። እሳቸው ግን መጀመሪያ የሚያዩት ግርጌዋን ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ፊውዙ የሚገጠመው እዚያ ነውና። በ1868 በሴንት ፒተርስበርግ ከ400 ግራም በታች የሚመዝን ፈንጂ ጥይት ሲከለከል፣ የ37 ሚሊ ሜትር ጥይቶች ፈንጂ እንዲይዙ ከዚያ ወሰን ጥቂት ከፍ ብለው ተሠርተዋል። መሃሉ ቀዳዳ የሆነው የፈረንሳይ ቪቪያን ቤሲዬር የጠመንጃ ቦምብም እንዲሁ ያታልላል። ቀዳዳውን ያየ ሁሉ «ተበስቶ ባዶ ሆኗል» ይላል፤ ዳሩ ግን የጠመንጃው ጥይት በዚያ በኩል አልፎ ፊውዙን እንዲያስነሣ ከፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ፈንጂው የሚቀመጠው በዙሪያው ነው። ባለ 18 ፓውንዱ የእንግሊዝ ሽራፕኔል፣ ማለትም እንክብል የሚበትን የመድፍ ጥይት፣ ከ370 በላይ እንክብሎች ይይዛል፤ እንክብሎቹ ወጥተው አልቀው እንኳ ግርጌው ላይ ከብረት ሳህን ሥር ያለው ጥቁር ባሩድ ሊቀር ይችላል። ጥቁር ባሩድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ በዕድሜ አይሞትም። በ2008 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ብዙ የእርስ በርስ ጦርነት ጥይቶችን ያጸዳ ልምድ ያለው ሰብሳቢ የሞተው ከ140 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ነው።

ቀለምን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አይወስዱትም፤ ሰብሳቢና ሻጭ ደጋግመው ይቀባሉ፣ የቀለም ሥርዓቱም በየአገሩና በየዘመኑ ተለዋውጧል። ጥርጣሬ ሲቀር ተንቀሳቃሽ ራጅ ያነሣሉ። በራጅ ፊውዙ ውስጥ ያለው ዴቶኔተር (ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሣው ትንሽ ፈንጂ)፣ የሆዱ ሙላትና ባዶ ቦታው ይታያል። አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ፣ ሌላ ጊዜ አዘንብሎ ተነሥቶ የውስጡ ወለል ከተንቀሳቀሰ ፈሳሽ አለ ማለት ነው፤ ያኔ የመርዝ ጋዝ ጥይት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ከእሳቸውም እጅ ይወጣል።

አንዱንም ዕቃ ፈተው ወይም አምክነው አልሰጡንም፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያዊ ሐቀኝነት ቆጥረነዋል። አጠራጣሪዎቹን ባሉበት ትተው፣ ክፍሉን አዘግተው፣ ለፖሊስና ለመንግሥት ፈንጂ አምካኞች የሚሰጥ ዝርዝር አዘጋጁ፦ የዕቃው ቁጥር፣ ፎቶ፣ ልኬት፣ ማኅተም፣ የፊውዙ ዓይነትና ቦታ፣ ባዶነቱ በምን እንደተረጋገጠ። ሌላ ባለሙያ ብትቀጥሩም ይህችን የመጨረሻዋን ዓምድ ጠይቁ። «ባዶ ነው» ብሎ በምን እንዳረጋገጠ የማይጽፍን ሰው፣ ወይም እቤታችሁ ፊውዝ ልፍታላችሁ የሚልን ሰው አታስገቡ። ከመደወላችሁ በፊት ዕቃውን አታንሡ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያም በመኪና አትውሰዱ፤ ከርቀት የተነሣ ፎቶና በግምት የተነገረ ርዝመት ለመጀመሪያው ንግግር ይበቃቸዋል።