ለሚያፏጭ ቺንጋ ምን ይገዛ? ጨርቅ ለበሱ፣ ባለ ጥርሱ ወይስ ኩሽኔታው

የቆየ መኪና ሞተር ሲጥ ማለት ሲጀምር ባለቤቱ በቀጥታ ቺንጋ፣ ማለትም ዲናሞውን የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ሊገዛ ይሄዳል። የመለዋወጫ ነጋዴውም የሚጠይቀው የመኪናውን ዓይነት እንጂ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው ግዢ ሳይሆን የዲናሞውን ቡሎን አላልቶ፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፍቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ድምፁን እናወዳድር።

ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ ጮኾ ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋ፣ የፊት መብራት ሲበራ ደግሞ የሚመለስ ድምፅ የመንሸራተት ድምፅ ነው። ሞተር በማስነሣት የተዳከመውን ባትሪ ለመሙላት ዲናሞው ይከብዳል፤ የላላ ቺንጋ ያንን ሸክም መጎተት ያቅተውና ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ላይ ይንሸራተታል። በክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር፣ የደሴ ብርድና እርጥበት ይህን ያባብሰዋል። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየፈጠነ የሚቆራረጥ፣ የጫጩት ጩኸት የመሰለ ድምፅ ከሆነ ግን ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም ማለት ነው። ሻካራና የሚያጉረመርም ድምፅ የኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት፣ ነው፤ እሱን የትኛውም ቺንጋ አያድነውም።

ለመለየት ጥቂት ውሃ ይበቃል። ሞተሩ እየሠራ በቺንጋው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይረጫል፤ ነጠላና እጅጌ ከአካባቢው ይራቁ። ድምፁ ወዲያው ከባሰ ቺንጋው ላልቷል። ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ችግሩ የመስመር ነው። ምንም ካልተለወጠ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቺንጋውን አውጥቶ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ በእጅ ማሽከርከር ነው፤ የሚንገራገጨው ወይም የሚወዛወዘው ጥፋተኛው ነው። የዲናሞ ኩሽኔታ ከሆነ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አያስፈልግም። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማመሳሰል፣ ሁለቱም ጎኑ የተሸፈነውን መምረጥ ይበቃል።

ቺንጋው ራሱ ካረጀ ምርጫው በሁለት ዓይነት መካከል ነው። ጨርቅ ለበሱ ዙሪያውን በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ርካሽ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ፑሌጃው ትንሽ ቢጣመምም ይታገሣል። ድክመቱ አለመተጣጠፉ ነው፤ የዲናሞን ትንሽ ፑሌጃ ሲዞር ይሞቃል፣ ሲሞቅም ቶሎ ያረጃል። ባለ ጥርሱ ግን ጎኑ የተቆረጠ ላስቲክ፣ ሆዱ በጥርስ መልክ የተቆራረጠ በመሆኑ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ብዙ አይሞቅም፣ አጥብቆ ይይዛል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ በተጣመመ ወይም በተበላ ፑሌጃ ላይ ደግሞ ከጨርቅ ለበሱ የባሰ ይጮኻል። የእኔ ምርጫ ባለ ጥርሱ ነው፤ ፑሌጃው ካልተስተካከለ ግን ተጨማሪው ገንዘብ ባክኗል።

ለወሎ መንገድ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ሲወጣ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። እንደ አሮጌ ኮሮላ ባለው በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ የሚንሸራተት ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዘገየዋል፤ ራዲያተሩ ዳገቱ ላይ ቢፈላ አያስገርምም።

የድሮው ቮልስዋገን ለብቻው ይታይ። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም ያዞራል። ቢበጠስ የዲናሞው ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ “እስከ ከተማው ልድረስ” ማለት ሞተር ማቃጠል ነው። ማጥበቂያውም የተለየ ነው፤ የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት ይከፈላል፣ በመካከሉ ካሉት ቀጫጭን ቀለበቶች አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ ውጭ ሲዛወሩ ቺንጋው ይጠብቃል። ለዚህ መኪና ከየትኛውም ዓይነት ይልቅ የምመክረው ሁለት መግዛት ነው፤ አንዱ ይገጠማል፣ አንዱ ከመፍቻው ጋር መኪናው ውስጥ ይቀመጣል።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። “ኤቪኤክስ 10×900” ቢል ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ጥርስ ማለት ነው። የሚይዘው በጎኑ ስለሆነ ቀጭን ከተገዛ ፑሌጃው ሥር ገብቶ ይቀመጥና አዲስ ሆኖ ሳለ ይንሸራተታል። በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ የመታውን አልገዛም፤ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ያረጀው ሳይገጠም ነው። ያገለገለ ቺንጋ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ጎኑ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ማፏጨቱ አይቀርም።

የሚረጨውን ማጣበቂያና ደረቅ ሳሙናውን ከውድድሩ አውጥቻቸዋለሁ። ድምፁን ለጊዜው ይሸፍናሉ፤ ማጣበቂያው ደግሞ የባቲን መንገድ አቧራ ይሰበስባል። ከሞተሩ ክዳን ዘይት እየፈሰሰ ቺንጋ መቀየርም ያው ነው፤ ዘይቱ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሳሹ ይዘጋ።

ቺንጋው ሲጠብቅ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍል መካከሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይርገብ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ስለሚረግብ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ ከተመለሱ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና በአውራ ጣት ይሞከር።