በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ፦ ከጎንደር ወደ ስሜን የእግር ጉዞ ለሚያሰናዳ ሰው ያለው ጥቅም

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በቁልፎች የሚታዘዝ፣ ኮምፓስና የአየር ግፊት መለኪያ ያለው፣ በዋጋውም መካከለኛ የሆነ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ (ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ) ነው። ከመስከረም ጀምሮ በጋውን በሙሉ ከደባርቅ በላይ ባሉት የስሜን መንገዶች፣ ክረምቱን ደግሞ ለጎንደር በሚቀርቡት በኮሶዬና በአካባቢው ገደላማ ስፍራዎች ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። አምራቹንና ሞዴሉን ያልጠቀስሁት በዚህ የዋጋ ደረጃ የሚገኙት መሣሪያዎች ጠባያቸው እጅግ ስለሚቀራረብ ነው። ሥራዬ ለእንግዶችና ለወዳጆች የእግር ጉዞ ማሰናዳት እንደ መሆኑ፣ መሣሪያውን የመዘንሁት ጎንደር ላይ ተቀምጦ ዕቅድ ለሚያወጣ ሰው በሚሰጠው ጥቅም ነው።

ሻጮች አስቀድመው የሚያነሡት ከመጥፋት ማዳኑን ነው፤ በስሜን ግን ይህ ያን ያህል ዋጋ የለውም። ወደ ፓርኩ የሚገባ ተጓዥ ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ በኋላ ስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ይመደብለታል፤ ስካውቱም ሆነ ባለበቅሎው ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት በማይታይበት ሰዓት እንኳ መንገዱን አይስቱም። ስክሪን እያየሁ መንገድ የመረጥሁበት ጊዜ የለም። መሣሪያው የወጣበትን ገንዘብ መመለስ የጀመረው ከጉዞ መልስ ዱካው፣ ማለትም የተሄደበት መንገድ በመሣሪያው ላይ የተመዘገበው፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥና ለሚቀጥለው ቡድን የዕቅድ መሠረት ሲሆን ነው።

ለምሳሌ ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የሚወስደውን የአንድ ቀን ጉዞ እንውሰድ። በርን ዩኒቨርሲቲ ባሳተመው 1 ለ 100,000 የስሜን ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሁለቱ ካምፖች መካከል ያለው ርቀት ለዓይን የሚያስፈራ አይደለም። መንገዱ ግን 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ጨነቅ ተነሥቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሆነው የቧሂት መሻገሪያ ይወጣል፤ ከዚያ 2,800 ሜትር አካባቢ ወዳለው የመሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ከተሻገረም በኋላ 3,200 ሜትር ገደማ ወዳለው አምቢቆ እንደገና ይወጣል። በ1892 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ ያወጣውና ዛሬም የሚሠራበት ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ ስለ ቁልቁለቱ የሚለው የለም። ከሰበሰብኋቸው ዱካዎች እንደሚታየው፣ አየሩ ከሳሳበት ከ4,000 ሜትር በላይ ይህ ስሌት ለእንግዶቼ ከአቅማቸው በላይ የቸኮለ ነው፤ ወደ መሸሃ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለትም ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ከአቀበቱ ያላነሰ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ለዚያ ቀን መነሻውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አድርጌ አቅዳለሁ፤ በቅሎዎቹም ማታውኑ ተመርጠው እንዲያድሩ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ሌላው ትልቅ ጥቅሙ የማደሪያ ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚያድር ሰው የሐኪሞች ምክር የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ከጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በመጀመሪያው ሌሊት ደባርቅ፣ በሁለተኛው 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንካበር፣ በሦስተኛው 3,600 ሜትር በሚሆነው ግጭ ያደረ ሰው ይህን ምክር ሳያውቀው ይፈጽመዋል። ሆኖም መኪናው እስከ ጨነቅ ስለሚደርስ ጊዜ የቸገረው እንግዳ በአንድ ቀን እዚያ ካልወጣሁ ይላል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከፍታውን በከፊል ለምዶታል፤ ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የመጣው ግን ሌሊቱን በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ሊያሳልፍ ይችላል። ከዱካው የተሣለውን የከፍታ ሥዕል ሳሳያቸው በቃል ካስረዳሁት ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

ከፍታውን ራሱን ስንመለከት መሣሪያው እምነት የሚጣልበት ባለቤቱ ከተከታተለው ብቻ ነው። ከፍታን በአየር ግፊት ስለሚያሰላ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ባለበት ተቀምጦ «ይወጣል» ወይም «ይወርዳል»፤ በ3,600 ሜትር አካባቢ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ለውጥ ብቻ 12 ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። በየካምፑ ጠዋት ጠዋት ማስተካከል ያስፈልጋል። ራስ ደጀን ላይ ከእንግዶች ጋር ስለ ቁጥር መከራከርንም አልመክርም፤ በድሮ መጻሕፍት 4,620 የተባለው ጫፍ በአዲሶቹ 4,550 ወይም 4,533 ሆኗልና፣ የኪስ መሣሪያ ይህን ሊዳኝ አይችልም።

አብሮት የመጣው ካርታ ለስሜን ባዶ ሊባል የሚችል ነው። በነፃ የሚገኘውንና በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት በሚያዘጋጁት በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተመሠረተውን ካርታ በሚሞሪ ካርድ ስጭንበት ብዙ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለቶቹን ማወቅ ግድ ነው። የመጀመሪያው የከፍታ መስመሮቹ ናቸው። መረጃቸው የተወሰደው ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር በራዳር ካደረገችው ልኬት ሲሆን፣ የልኬቱ ነጥቦች ጥራቱ በተሻለው ቅጂ እንኳ በ30 ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ቀጥ ያለውን ገደል ያለዝቡታል። 3,926 ሜትር ላይ ባለው የገደል አፋፍ በእሜት ጎጎ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው በካርታው ላይ ያሉትን መስመሮች ቢያነጻጽር ሌላ አገር ይመስሉታል። ባለበቅሎው «እዚያ ማዶ ነው» ሲልና መሣሪያው «2 ኪሎ ሜትር» ሲል ሁለቱም አልዋሹም፤ በመካከል ያለውን ገደል ግን ሁለቱም አልነገሩንም። ሁለተኛው ጉድለት የመረጃው እርጅና ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ የተዛወሩ ሲሆን፣ በጫንሁት ካርታ ላይ ግን መንደሩ እንዳለ አለ። እዚያ እንቁላል ወይም ተጨማሪ በቅሎ አገኛለሁ ብሎ በካርታው ብቻ ያቀደ ሰው ጓሳውንና ጅብራውን ብቻ ያገኛል። መንገዱ ክፍት መሆኑንና የአካባቢውን ሁኔታም ቢሆን ደባርቅ ላሉ ሰዎች ደውሎ ከማረጋገጥ ሌላ ዘዴ የለም።

የግዕዝ ፊደል በእኔ መሣሪያ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ሰዓቱም በ24 ስለሚቆጥር ፀሐይ መግቢያን ስናነብ ስድስት መቀነስ አለብን። ሁለቱም ይለመዳሉ።

የማይለመደው የባትሪው ጉዳይ ነው። ከሱቅ በርካሽ የሚገዛው የባትሪ ድንጋይ ጎንደር ላይ ደኅና ይሠራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ በሚጥልበት በጨነቅ ግን ጠዋት ሙሉ መስሎ እኩለ ቀን ሳይሆን ይሞታል። አልካላይን የሚባለው ይሻላል፤ ተመልሰው የሚሞሉት ኒኬል ያላቸው ደግሞ ከሁለቱም ብርዱን በተሻለ ይችላሉ፤ ሆኖም መብራት ሳይጠፋ ቀድሞ መሙላትን፣ በመሣሪያው ቅንብር ላይም የባትሪውን ዓይነት በትክክል መምረጥን ይጠይቃሉ፤ አለበለዚያ የቀረውን ኃይል አሳስቶ ያሳያል። የትኛውም ቢሆን ሌሊቱን ከባለቤቱ ጋር በመኝታው ውስጥ ማደር አለበት።

ከስልክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። ካርታው አስቀድሞ የወረደበት ስልክ ያለ ኔትወርክም ቦታን ያሳያል፤ ዱካም ይመዘግባል፤ ፊደላችንንም ያነብባል። ሳንካበርና ጨነቅ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ሌላ ወጪ አያስፈልገውም። ጂፒኤሱ የሚበልጠው የመብራት ሶኬት ሳይኖር ብዙ ቀን በሚኬድበት ጉዞ፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ፣ ቀትር ላይ በሚያጥበረብር ፀሐይና በክረምት ዝናብ ነው። በኮሶዬ ዝናብ የስልኬ ስክሪን ጣቴን አልታዘዝ ሲል የዚህ ቁልፎች ግን ሠርተዋል።

ከአካሉ የተጎዳው የገመድ መሰኪያውን የሚሸፍነው ጎማ ነው፤ ላልቶ አልገጥም ስላለ ክረምቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ አሳልፌዋለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ ጎንደር ውስጥ አላገኘሁም፤ ስለዚህ አዲስም ሆነ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጎማውንና የባትሪ ክዳኑን ከፍቶ ይዝጋ፤ ሚሞሪ ካርድ ከትቶ መቀበሉን ይይ፤ ከዚያም ከሱቁ ወጥቶ ሰማይ በሰፊው በሚታይበት ቦታ ላይ መሣሪያው ሳተላይቶቹን እስኪይዝ ይጠብቅ።