የዓመት ፈቃድ፦ በአንድ ጊዜ ወይስ ከፋፍሎ?

በቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሠረት የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀናት ተነሥቶ በአገልግሎት ዘመን እየጨመረ እስከ 30 ይደርስ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ በተረኝነት ለዛለ የጤና ባለሙያ ጥያቄው አወሳሰዱ ላይ ነው።

በአንድ ጊዜ ሲወሰድ፣ ደባርቅ ያሉ ወላጆችን ለመጠየቅም ሆነ በሌሊት ተረኝነት የተዛባውን እንቅልፍ ለማስተካከል ጊዜ ይገኛል። ወጪው ግን ከበድ ይላል፤ ዘመድ በባዶ እጅ አይጠየቅምና። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ ፈቃዱን ማግኘቱ ራሱ ያስቸግራል።

ከፋፍሎ መውሰድ ለኪስም ለክፍል ኃላፊውም ይቀላል። አደጋው ዕረፍቱ ዕረፍት ሳይሆን መቅረቱ ነው፤ በተለይ ሴት ነርሶች የወሰዷትን ሁለት ቀን እንጀራ ሲጋግሩ፣ ለቅሶ ሲደርሱና ክርስትና ሲጠሩ ውለው፣ በመካከሉም «ተረኛዋ ቀርታለችና ድረሽልን» የሚል ስልክ ተደውሎላቸው፣ እንደደከሙ ወደ ዋርድ ይመለሳሉ። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም።

እንቅልፍ የራቀው ወይም በሕሙማን ላይ መነጫነጭ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሕፃን ልጅ ላላት ወይም በትርፍ ሰዓቱ ለሚማር ግን፣ ቀናቱን ቀድሞ ከባልደረባ ጋር ተነጋግሮ እስከወሰነ ድረስ፣ ሁለተኛው ይስማማል።