18,500 ብር ከፍዬ ድኩላ አየኝ

መሃል አዲስ አበባ «የአውሬ መጠበቂያ ሙሉ ፓኬጅ» የሚባል ነገር እየተሸጠ ነው። ቅጠል የታተመበት ዥንጉርጉር ጃኬትና ሱሪ፣ ዛፍ ላይ የሚታሰር መቀመጫ፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ። እኔ ገዝቼዋለሁ። እናንተ አትግዙ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ የሄደብኝም ብር አጭር አይደለም።

በትርፍ ሰዓቴ ፎቶ አነሳለሁ። ወፍ፣ ጉሬዛ፣ የተገኘውን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝ ግን የምኒልክ ድኩላ ነው፤ ወንዱ። እኛ አገር ብቻ ያለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ቀንዱ ጥምዝ። ደግሞ ጠርጣራ ነው። ገና ኮቴህን ሲሰማ ጥሻ ውስጥ ገብቷል።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አየሁት። ፎቶው ላይ አንድ ፈረንጅ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ቀስት ይስባል፤ ከታች ቀንዳም አጋዘን ምንም ሳያውቅ ሳር ይበላል። «አያይህም፣ አይሰማህም፣ አያሸትህም» ይላል ጽሁፉ። ሱቁ ስታዲየም አካባቢ አንድ ህንፃ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የቴሌግራሙን ስምማ ሁለቴ ቀይሮታል።

ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል የአሜሪካ ነው። ለብሰኸው ከተቀመጥክ እንኳን አውሬ ባለቤትህም አታገኝህም» አለኝ። ሳቅኩ። ዋጋው 20,500 ነበር። «ደረሰኝ ካልፈለግክ 2,000 እቀንስልሃለሁ» አለ። እሺ አልኩ። እዚህ ጋ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቅዳሜ ሌሊት ወደ መናገሻ ሱባ ሄድኩ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተከሉበት የሚባለው ጫካ ነው። የጫካው ጠባቂ፣ ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው፣ መቀመጫውን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ በዚህ ትወጣለህ?» አሉኝ። ጽዱን እንዳልነካ አስጠንቅቀው ዳር ላይ ያለ አንድ ባህር ዛፍ አሳዩኝ። ሶስት ሜትር ያህል ወጣሁ። በቀስት የሚያድኑት አሜሪካኖች አምስትና ስድስት ሜትር ይወጣሉ፤ ቀስት እንደ ጠመንጃ ሩቅ ስለማይመታ አጋዘኑ ሃያ ሰላሳ ሜትር ድረስ እስኪመጣላቸው መጠበቅ አለባቸው። የኔ ካሜራም ሌንሱ አጭር ነው። ችግራችን አንድ ነው ማለት ነው።

አንድ ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን መጣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እየቆመ፣ እየቀነጠሰ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሃያ አምስት ሜትር ሲቀረው ካሜራውን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ቀስ ብዬ ነው የምላችሁ። ቀና አለ። ግራ አላየም፣ ቀኝ አላየም፤ ቀጥታ እኔን። የፊት እግሩ አየር ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደተያየን አላውቅም። ብቻ እንዲያ ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ 18,500 ብር ለብሼ ዛፍ ላይ እንደ ጆንያ ተሰቅያለሁ። ከዚያ እንደ ውሻ ጮኸ። ድኩላ ሲደነግጥ ይጮሃል፣ የማያውቅ ሰው ውሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፣ አለቀ።

አንድም ፎቶ የለኝም። እሱን ለማየት ዞር ስል ደግሞ የመቀመጫው ቀበቶ ጠረረር ብሎ ተተረተረ። ግንዱን አቅፌ ተንሸራተትኩ። ክንዴ ተላጠ፣ አንጓዬ ተጠመዘዘ። ሶስት ሜትር ባይሆን ስድስት ቢሆን ይህን የምትጽፍላችሁ እህቴ ነበረች።

ጠባቂው መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ከኋላህ ሰማይ ነው እኮ። ነፋሱም ከአንተ ወደ እሱ ነው። ጋቢ ለብሰህ ብትመጣም ያው ነበር» አሉ።

ከተማ ተመልሼ ጃኬቱን አራት ኪሎ ወዳለ የጓደኛዬ ሱቅ ወሰድኩት። የሐሰት ብር የሚለዩበት ሰማያዊ መብራት አለው። በሩን ዘግተን አበራንበት። ጃኬቱ እንደ ሰርግ አዳራሽ አበራ! ጓደኛዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ዓይን ሶስት ዓይነት ቀለም ተቀባይ አለው። የአሜሪካው አጋዘን ሁለት ብቻ እንዳለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተለክቶ ታውቋል። ላም፣ በግና ፍየልም እንደዚሁ ናቸው፤ ድኩላም የነሱ ቤተሰብ ነው። ቀይና ብርቱካናማ ለነሱ ደብዛዛ ነው። ለዚህ ነው በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የጠመንጃ አዳኝ ደማቅ ብርቱካናማ ልበስ የሚባለው፤ ሌላው አዳኝ ያየዋል፣ አጋዘኑን ግን ብዙም አይረብሸውም። ወደ ሰማያዊው ሲመጣ ግን አጋዘኑ ከኛ ይበልጣል። ርካሽ ጨርቅና ዱቄት ሳሙና ውስጥ ደግሞ ልብስን «ንጹህ» የሚያስመስል ማንጫ ይገባል፤ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጨው እሱ ነው። እኔ ደሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ከመሄዴ በፊት አጥቤው ነበር። ምን ልበላችሁ።

በዚያ ላይ ዓይናቸው ወደ ጎን ስለሆነ ጭንቅላታቸውን ሳያዞሩ ዙሪያቸውን ለማየት ምንም አይቀራቸውም። የተቀመጠ ነገር ላይ ያን ያህል አይደሉም። የተንቀሳቀሰን ግን አይለቁም። ባለ ቀስቶቹም ብዙ ጊዜ የሚጋለጡት ቀስቱን ሲስቡ ነው። ስለዚህ የሚስቡት አጋዘኑ ጭንቅላቱ ከግንድ ኋላ ሲሆን ነው። ይህ ምክር በነፃ ነው፣ ሻጩ አልነገረኝም።

ጠርሙሷ ደግሞ ለብቻዋ ታሪክ ናት። «ሽታ ማጥፊያ» ተብላ ነው የተሰጠችኝ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሁፍ አስነበብኩ፤ የሴት አጋዘን ሽንት ነው። አሜሪካ ውስጥ ወንዱን ለመሳብ ይጠቀሙበታል፣ በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ የከለከሉ ግዛቶችም አሉ። ያ አጋዘን ግን ከሰሃራ በታች ጭራሽ የለም። ቀንዱ በየዓመቱ ረግፎ የሚበቅል ሌላ ወገን ነው። እኛ አጋዘን የምንለው፣ 10 ሳንቲም ላይ ያለው የባሌው፣ ቀንዱን እድሜ ልኩን ይዞ የሚኖር የድኩላ ዘመድ ነው። እንግዲህ እኔ የመናገሻን ድኩላ በማያውቀው እንስሳ ሽንት ልሸውድ ሄጄ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ቀበቶውን አደራ። ካርቶኑ ላይ ትከሻንና ጭንን የሚይዝ ሙሉ ማሰሪያ ተስሏል። ውስጡ ያለው የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወገብ ቀበቶ ብቻውን ለዛፍ መቀመጫ አይመከርም፤ ሰው ሲወድቅ ተንጠልጥሎ ሊታፈን ይችላል። መቀመጫው «136 ኪሎ ይችላል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እኔ 71 ኪሎ ነኝ። ስፌቱ አንድ መስመር ክር ነው፤ በጥፍራችሁ ሳብ ብታደርጉት ታዩታላችሁ።

ልብሱን ለብሶ ከተማ መሃል መዞርም ራሱ ጣጣ ነው። ለመመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ፖሊስ ሁለቴ አስቆሞኛል። ሬንጀር መስሏቸው ነው። ቅጠሉን እስኪያሳዩት ማን ይሰማሃል።

ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ አንጓዬ ላይ ያለውን ፋሻ እያየ «ነፋሱን ሳታይ ነው የወጣኸው» አለኝ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዳለ ነገርኩት፤ አሳሳች ማስታወቂያ እንደሚከለክል፣ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት። በትህትና አዳመጠኝ። «ደረሰኙን ይዘሃል?» አለ።

2,000 ብሩ የተቀነሰልኝ ለዚህች ጥያቄ ነበር።

እጄ ላይ የቀረው በስልክ የከፈልኩበት መልእክትና የማስታወቂያው ስክሪንሾት ነው። እሱንም ያዳንኩት በአጋጣሚ ነው፤ በማግስቱ ገጹ ጠፍቷል። እስካሁን ይህንኑ ፓኬጅ የገዙ ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ፣ አንደኛው እስካሁን አልተጠቀመበትም፣ እባክህ አትውጣ ብዬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ አብረን የወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤት እንሄዳለን። የገዛችሁ ካላችሁ የከፈላችሁበትን መልእክት አታጥፉ፣ ቀበቶውንም ይዛችሁ ኑ።