ደሴ ፒያሳ ዣንጥላ ሥር ላሉት ማመልከቻ ጻፊ፣ እድሜ ይስጥልኝ

ውጤት ጠፍቶባችሁ የምትንከራተቱ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራሁ ቅዳሜና እሁድ እማራለሁ። ፋይናል ተፈትኜ፣ አቴንዳንስ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ውጤት ሲለቀቅ አንዱ ኮርስ ላይ ኤንጂ ተጽፎ አገኘሁ። ማርክ የለሽም ማለት ነው። ግቢውን ስሙን አልጠራም። ስምንት ወር ግን አመላለሱኝ። "ዲፓርትመንት ጠይቂ።" "ሬጅስትራር ጠይቂ።" "ሲስተም የለም።" ደሞዜ እየተቆረጠ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። አንዷ "ምናልባት አልተፈተንሽ ይሆናል" ያለችኝ ቀን ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ወረድኩ። አንዱ ደግሞ "እኔ አስጨርስልሻለሁ" ብሎ 1,500 ብሬን በልቶ ስልኩን አጠፋ። ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለ መውጫ ፈተና ዲግሪ የለም። የእኔ ስም ደግሞ በዚያች ኤንጂ ምክንያት የተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ደሴ ፒያሳ ሰማያዊ ዣንጥላ ሥር የሚቀመጡትን አባት ያገኘኋቸው ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ነው። የጻፍኩትን ሦስት ገጽ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ለቅሶሽ አለ። ቀኑ ግን የለም።" ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር። ፈተናው መቼ ነበር? ስንት ሰዓት? የትኛው ክፍል? አጠገብሽ ማን ተቀምጦ ነበር? በስምንት ወር አንድ ሰው እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም!

ሦስቱ ገጽ ግማሽ ገጽ ሆነ። ለዲኑና ለሬጅስትራሩ ግልባጭ ብለው ጻፉበት። "መዝገብ ቤት አስገቢ። የገቢ ቁጥሩን በራስሽ ቅጂ ላይ ሳታስጽፊ እንዳትወጪ" አሉኝ። ዣንጥላቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ውጤትሽ ሲመጣ ትከፍይኛለሽ። አብሽሪ።"

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር አስታውሳለሁ። ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ።

በ11ኛው ቀን ተደወለልኝ። ወረቀቴ ከሌላ ሴክሽን ወረቀት ጋር ታስሮ ተገኘ አሉ። እንዴት እዚያ እንደገባ፣ በየትኛው ፎርም እንደተስተካከለ ዛሬም አልገባኝም። ብቻ ኤንጂዋ ጠፍታ ቢ ፕላስ ገባች።

እባካችሁ ለደላላ ብር አትስጡ። እሳቸው ጋ ሂዱ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል። የተፈተናችሁበትን ቀን አስታውሳችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ያለብኝን ሒሳብና አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄጄ ነበር። ቡናውን ወደ ጎን አደረጉትና "እስቲ ወረቀቱን አሳዪኝ" አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ቢ ፕላሷን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ጫማ ጠራጊ ልጅ "ና እይ፣ የልጄ ውጤት ነው" ብለው አሳዩት።