«ከዱባይ የመጣ ስፖርት ሞላ» ልትገጥሙ ያሰባችሁ የጅማ ልጆች፣ ቆዩ

እጄ ላይ ያለው ግራሶ ገና አልለቀቀም፤ ንዴቱም እንደዚያው። 86,000 ብር! ለአራት ሞላ፣ ለአራት ሾክ፣ ለካምበር ቡሎን (የጎማውን ዘንበል ማለት የሚያስተካክል)፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ዘይትና ለዊል አላይመንት። ከዚህ ሁሉ አዲስ መሆኑን ያረጋገጥኩት ሸራውን ብቻ ነው። እሱም ሲጮህ ነው የሚውለው።

ሰውየውን፣ የጋራዡን ባለቤት፣ ታውቁታላችሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የሱ ዓይነት በየከተማው አለ። ቴሌግራም ላይ የሰው አገር መኪና ቪዲዮ ይለጥፋል። ስትደውሉለት «ወንድሜ፣ ዕቃው ዱባይ ነው፣ ቀብድ ጣል አድርግ» ይላል። ቀጥሎ ዕቃው «አዲስ አበባ ገብቷል»፣ ቀጥሎ «አይሱዙ ላይ ተጭኗል»፣ ቀጥሎ «ሹፌሩ ወልቂጤ አድሯል»። በዚህ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ «መኪናዋን አምጣና ሁለት ቀን ተዋት፤ እዚህ ቆመህ ምን ታደርጋለህ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ቡናም አስፈልቶልኝ ነበር። ጠጥቼ፣ ቁልፉን ሰጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ!

የ2005 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ኮብልስቶንና የክረምት ጉድጓድ ላይ ሰው ታመላልሳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ኮን ተደርድሮ በሰዓት ትሮጣለች፣ አውቶክሮስ የሚሉትን። ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ እያወቅሁት መዝለሌ ነው የሚያንገበግበኝ። መጀመሪያ ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚባል ቁጥር ተጽፏል፤ 200 አካባቢ ከሆነ አስፋልት የሚነክስ ለስላሳ ጎማ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የእኔ 420 ይላል፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ኮን መሀል ግን ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች 1417 ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 2017፣ 14ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ ጎማው ደርቋል። ከጎማ ቀጥሎ የፍሬን ዘይትና ሸራ፣ ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ ሾክ ይመጣል። ሞላ መጨረሻ ነው። እኔ መጨረሻውን አስቀደምኩ፤ ለምን ቢሉ፣ መኪና ዝቅ ብላ ስትቆም ታምራለች። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሄጄ ተረከብኳት። ዝቅ ብላለች፤ በፌንደሩ ሥር የሚታየው ቀዩ ሞላ ያብረቀርቃል። ዞር ዞር አድርጌ ስመለስ ሰውየው «ጠንከር አለች፣ አይደል?» አለኝ። እኔም «በጣም!» አልኩ። ቀሪውን 46,000 እዚያው ቆሜ በስልክ ላክሁለት።

ዓርብ ዕለት መኪናዋን ሳቆም መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር ከፊት ቀኝ «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሞላ ቦታው ላይ ሳይረጋ ሲዘል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በክሪክ አነሳኋት፣ ማቆሚያ አስገባሁ፣ ጎማውን ፈታሁ። ጎማው ሲወርድ ሾኩ ተንጠለጠለ፤ ሞላው ግን ሾኩን አልተከተለውም። ከላይ ከመቀመጫው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። በሁለት ጣት ገፋ ሳደርገው እንደ አምባር ዞረ። በደህና መኪና ላይ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ ሞላው ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው የሾኩ አናት ዳዶ ከመፈታቱ በፊት በሞላ መጭመቂያ መታሰር ያለበት፤ ሳይታሰር የተፈታ ሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፣ እንዳትሞክሩት። የእኔ ግን መጭመቂያ አላስፈለገውም። ዳዶውን ስፈታ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ሞላውን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የላይኛው ጫፍ በግራይንደር ተቆርጧል፤ ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው ዲስኩ ያቃጠለው ሰማያዊ ጥላ ወጣ። እሺ፣ የሰው አሮጌ ሞላ ቆርጠው ሸጡልኝ ብዬ ገና መሳደብ ልጀምር ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ቀዩ ቀለም ተልጦ ከሥሩ አንድ ሰማያዊና ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ታየኝ። ፋብሪካ ሞላዎችን በጥንካሬያቸው የሚለይበት የቀለም ምልክት ነው። ያን ምልክት አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት የስታብላይዘሩን ጎሚኒ ስቀይር ፎቶ አንስቼው ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ ከነጮቹ አጠገብ ድንጋይ የላጠው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ሳይቀር። የራሴ ሞላ ነው። ከመኪናዬ አውልቀው፣ አንድ ዙር ተኩል ቆርጠው፣ ቀይ ቀብተው፣ ከዱባይ አስመጥተው ሸጡልኝ። ለአይሱዙው ማጓጓዣም 2,500 ከፍያለሁ።

ያ ሐሙስ ማታ የተሰማኝ «ጥንካሬ» ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ የማታለሉ ልብ እሱ ነውና። ሽቦውና ስፋቱ ካልተለወጠ የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሚሠሩት፣ ማለትም በሚጨመቁትና በሚዘረጉት፣ ዙሮች ቁጥር ነው፤ ዙሩ ሲቀንስ ሞላው ይጠነክራል። 5 የሚሠራ ዙር ካለው ሞላ ላይ 1.5 ብትቆርጡ የቀረው 3.5 ነው፤ 5ን ለ3.5 አካፍሉት፣ 43 ከመቶ ጠነከረ ማለት ነው። ስለዚህ ነጂው ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር ይሰማዋል፣ «ስፖርት!» ብሎ ይከፍላል። ሾኩ ግን የተሠራው ለድሮው ጥንካሬ ነውና የሞላውን መመለስ መግታት አይችልም፤ ከጉብታ በኋላ መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነጥራለች። ሾኩ የሚወርድበት ርቀት ስላጠረም ትንሽ ጉድጓድ ላይ መጨረሻው ላይ ያለችውን የማስቆሚያ ጎሚኒ ይመታል። ኮን መሀል መሪ ስታዞሩ ሾኩ ያን ማስቆሚያ የሚመታው በውጭ በኩል ባለው የፊት ጎማ ላይ ነው፤ ጥንካሬው በቅጽበት ጣሪያ ይነካና የፊት ጎማ ይለቃል፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ኮኑ ትሄዳለች።

ደግሞ የኮሮላ ፊት ማክፈርሰን ነው፣ ሾኩ ራሱ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት አሠራር፤ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ሎወር አርሙ፣ ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ፣ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ መኪናዋ የምታጋድልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ዝቅ ብላ ሳለ ከበፊቱ ይበልጥ ማጋደል ይቀናታል። ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ መታጠፊያውን መያዝ ሲገባው ይተወዋል። ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መጋጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንቱም፣ በጠማማ አንግል ይሠራል፤ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል። ለዚህ ነው በየቀኑ ለምትነዳ መኪና ብዙ ዝቅ ማለት የማይመከረው፤ ትንሽ ዝቅ ማለትም ለዚያ ከፍታ ተብሎ በተጠቀለለ ሞላ ነው። የእኔ በሜትር ስለካው የፊቱ 52 ሚሊሜትር ወርዷል።

ባለቤቱ ስልክ ስላላነሳ ጋራዡ ሄድኩ። ሁለት ልጆች አንድ ባጃጅ ሥር ተኝተዋል። አንዱ ወጣ፤ ሞላውንና ፎቶውን ጎን ለጎን አሳየሁት። ፎቶውን አላየውም።

«ሞላ ሞላ ነው አቦ፣ ሁሉም ብረት ነው።»

«የራሴ ሞላ ነው እኮ የሸጣችሁልኝ!»

«ስፖርት ማለት ዝቅ ያለ ማለት ነው። ዝቅ አላለችም?»

ሌላኛው ከባጃጁ ሥር ሳይወጣ «ቀዩ ካልተመቸው ሰማያዊ እንቀባለት» አለ። ተሳሳቁ። የተቆረጡትን ቁራጮች ብጠይቅ ቆራሌው ወስዷቸዋል። ባለቤቱ በኋላ መጣ። «ወንድሜ» ቀርታለች፤ «ደረሰኝ አለህ?» ብቻ አለኝ። የለኝም። 3,000 ብር ቀንሶልኝ ነበር ያለ ደረሰኝ እንድከፍል። የሸማች ጥበቃ ሕግ አለ፣ አውቃለሁ፤ በእጄ ያለው ማስረጃ ግን አንድ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ነው።

ቤት ተመልሼ የቀረውን አየሁ። ሾኩ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ያለው ተለጣፊ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ግን ዝገት አለ። ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍቼ ስለቀው እዚያው ቀረ፤ ባለጋዝ ሾክ ቢሆን በራሱ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ተከፍቶ ዘይት የተሞላ አሮጌ ነው። ካምበር ቡሎን አልገባም፤ ሾኩን ከጎማው እግር ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ቡሎኖች ዝገታቸው እንኳ አልተነካም። የአላይመንቱ ወረቀት ግን ፊት ካምበር ግራም ቀኝም ልክ ሲቀነስ 2.0 ዲግሪ ይላል። ይባስ ብሎ የኋላውን ካምበር «አስተካክለናል» ይላል። የዚች ኮሮላ ኋላ ቶርሽን ቢም ነው፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት፤ ማስተካከያ ቡሎን የለውም፣ ሽም የሚባል ቀጭን ብረት ካልገባ አንግሉ ቅንጣት አይነቃነቅም። ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው፣ ወይም የማንም አይደለም።

ያስፈራኝ ግን የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቀየርን ብለው 1,800 ወስደዋል፤ ማጠራቀሚያውን ስከፍተው እንደ አቦል የጠቆረው የድሮው ዘይት ነው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል፣ የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት አይነፍግም። በዚያ ዘይት የጊቤን ቁልቁለት ብወርድ ኖሮ መሀል ላይ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ እንፋሎት ይጨመቃልና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሞላውን ሳቅ ብለን ልንተወው እንችል ይሆናል። ይሄ ግን ሰው መግደል ነው።

በቃ፣ ለምታሠሩ፦ መኪናዋን ከመስጠታችሁ በፊት ሞላዎቹ ላይ ያለውን የቀለም ምልክት ፎቶ አንሱ፤ አዲሱ ከሳጥን ሲወጣ ዙሩን ቁጠሩ፣ ጫፉን እዩ። ሲፈታ እዚያው ቁሙ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ፊታችሁ ካልተከፈተ አትክፈሉ። ከሁሉ በፊት ጎማ ግዙ።

እኔ ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ሁለት የፊት ሞላዎች አዝዣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ምልክታቸው በቪዲዮ ታይቶ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ማቆሚያ ላይ ናት። የኋላውን ገና አልፈታሁትም።